«ደህና ነኝ» እያልሁ የታመምሁበት ዓመት

ትኩሳት ይዞት አልለቅ ያለው፣ ሆዱ በግራ በኩል የጠጠረበት፣ ወባ ነው ታይፎይድ ነው ተብሎ ታክሞ ያልዳነ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ካለ ይህን አንብቡለት። እኔ የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስለ በሽታው ሐኪም የሚያውቀውን አላውቅም። እንዴት እንደያዘኝ፣ ለምን ዝም እንዳልሁና እነማን እንዳስታመሙኝ ግን አውቃለሁ።

ስሜ ሰዓዳ ነው። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ነው። አባቴ ዓሣ ያጠምዳል፤ እናቴና እኔ እያጸዳን እንሸጣለን። የቀረሶውን ቅርፊት መፋቅና አምባዛውን መቆራረጥ የኔ ሥራ ነው። ከገዢ ጋር የምትነጋገረው እናቴ ናት፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት አፌ አይፈታም። «እንዴት ነሽ?» ሲሉኝ «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ብዬ አንገቴን እደፋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቃል የለኝም። እናቴ «ይች ልጅ ቤት እየተቃጠለም ቢጠይቋት ደህና ነን ትላለች» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

የእናቴ እህት ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ታመርታለች። አንድ ዓመት ለአጨዳ ልረዳት ሄድሁ። ውቂያው እስኪያልቅ ክምሩን እየጠበቅን ደጅ፣ ከግራር ሥር አንጥፈን እናድር ነበር። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት ዝንብ ከዚያ ስንጥቅ ውስጥ እየወጣች ሰው እንደምትነክስ፣ በሽታውንም የምታስተላልፈው እሷ እንደሆነች የሰማሁት በኋላ፣ ሆስፒታል ተኝቼ ነው። የአሸዋ ዝንብ ይሏታል። ያኔ ግን የበላኝን አክኬ ተኛሁ፤ ሩዙም ተወቃ፤ እኔም ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ጧት ይተወኛል፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ይመለሳል። ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ወባ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። ለጥቂት ቀን ሻል አለኝና መልሶ ጣለኝ። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ ታይፎይድ ነው አሉ። መድኃኒቱን ጨረስሁት፤ ትኩሳቱ ግን አላለቀም። ሦስተኛው ጋ ስንሄድ ደግሞ ጨጓራ ሆነ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሁሉም መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቁኛል፤ «ሌላ የሚሰማሽ ነገር አለ?»

«የለም። ደህና ነኝ።»

ነበረኝ እንጂ። ከግራ ጎድኔ በታች አንድ ጠጣር ነገር በቅሎ፣ እየወረደ ወደ እምብርቴ ይመጣ ነበር። ፊቴና ክንዴ ሲከሳ ሆዴ ብቻ ወደ ፊት ገፋ። ያላገባሁ ልጅ ነኝ። በዚያ ሆድ ሐኪም ፊት መተኛትና «ይህን እዩልኝ» ማለት ለኔ ሐይቁን በዋና ከማቋረጥ ይከብድ ነበር። ስለዚህ ሰፊ ቀሚስ አወጣሁ፤ ሽርጥም ደረብሁበት።

እናቴ ክሊኒኩ ሲሰለቻት ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዛኝ ሄደች። ብዙ ሰው ድኖበታል፤ እሷም ወገቧን ታጥባበት ተሽሏት ያውቃል። ሴቶቹ የሚታጠቡበት ቦታ ገብተን ልብሴን በግድ አወለቅሁ። እንፋሎቱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ሆዴን አዩና በደግነት፣ ክፋት በሌለው ድምፅ እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ የዚህ ውሃ ሙቀት ላንቺ አይሆንም። ላረገዘች ሴት ደግ አይደለም። ስንት ወርሽ ነው?»

እናቴ እጇ ላይ የነበረው ጣሳ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ጣሳውን ሳታነሣ ለረዥም ጊዜ ሆዴን አየችው።

ወደ ባሕር ዳር ተመለስን። ቤት ከገባን በኋላ በሩን ዘጋችና «ሰዓዲ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም እማዬ። ደህና ነኝ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

አላመነችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ መሸጫው ጋ አታስወጣኝም ነበር። ጎረቤት ሲመጣ ጋቢ ታለብሰኛለች። ለአባቴ አልነገረችውም። እሱ ደግሞ ዝም ብሎ መድኃኒት ይገዛል፤ ለመድኃኒቱ ሲል አዲሱን መረቡን ሸጦ በአሮጌው ያጠምድ ነበር። ከበሽታው ይልቅ ያ ቤት ውስጥ የነበረው ዝምታ ከበደኝ። እናቴ እንድታምነኝ የምነግራት ነገር ሞልቶ ነበር። ግን አፌ ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አሁን ውሸት ሆኗል።

አንድ ቀን ጧት ዓሣ እያጸዳሁ አፍንጫዬ ይደማ ጀመር። ጨርቅ ያዝሁበት፤ አልቆም አለ። የዓሣው ደምና የኔ ደም አንድ ላይ ሲወርድ አየሁና ወደቅሁ። አባቴ ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ አስገባኝና አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ተራ መጠበቂያው ሰው የሞላበት ነበር። አንዲት እናት ያላወቀችኝ፣ ያላወቅኋት፣ ልጇን እንደታቀፈች ለኔ ተነሥታ አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኛችኝ። ዛሬም ትዝ ትለኛለች። ከዚያ አንድ ወንድ ነርስ መጣ። እዚያ ሴቷን «ሲስተር»፣ ወንዱን «ብራዘር» ነው የሚሏቸው፤ እሱ ብራዘር ጌትነት ነበር። የዓይኔን ውስጥ ገልጦ አየ፤ እግሬን በጣቱ ተጫነ። ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ ነው ጥያቄውን ያቀረበው፤

«እናት፣ ልጅቷ መተማ ወይም ፎገራ ሄዳ ታውቃለች?»

«ፎገራ፣ ለሩዝ አጨዳ።»

«ደጅ አድራለች?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አዎ» በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። ብራዘር ጌትነት ተጨማሪ ነገር አልጠየቀም፤ በቀጥታ ሐኪሙ ጋ አስገባን። ከጣቴ ደም ወሰዱ፤ ሆዴን በመሣሪያ አዩት። እናቴ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ፣ የሞት ፍርድ እንደምትጠብቅ ሰው ሆና ቆማለች። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና «ሆዷን የነፋው ጣፊያዋ ነው። በጣም አብጧል። ካላዛር ይባላል» አላት።

«ጣፊያ?» አለች እናቴ። «ጣፊያ ብቻ ነው? ሌላ የለም?»

«ሌላ ምን ይኖራል?»

«አልሐምዱሊላህ! ጣፊያ ነው! ያ ረቢ፣ ጣፊያ ነው!» ብላ ወለሉ ላይ ተደፋች።

ሐኪሙ ግራ ገባው። «እናቴ፣ አልተግባባን መሰለኝ። ይህ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው።»

ያኔ ነው የገባት። ቀና አለች፤ ፊቷ ደም ጠፋበት። ወደ አልጋው መጥታ እግሬን ያዘችና «አፉ በይኝ ልጄ። አፉ በይኝ» እያለች አለቀሰች። ብራዘር ጌትነት ነገሩ ገብቶታል። በር ላይ ቆሞ፣ ማንንም ሳያይ፣ «በዚህ ሁሉ ዘመን ጣፊያ አበጠ ሲባል ደስ ያላት እናት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። እናቴ እያለቀሰች ሳቀች። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ሐኪሙ ከማስተኛቱ በፊት አንድ ነገር በደንብ ነገረኝ። ሕክምናው ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ የሚወጋ ሁለት ዓይነት መርፌ ነው። መድኃኒቱ ጠንካራ ነው፤ አንደኛው ጆሮን፣ ሌላኛው ልብንና ሆድን ሊጎዳ ይችላል። «ስለዚህ አንዳች ነገር ሲሰማሽ፣ ማስመለስ ቢሆን፣ የጆሮ ጩኸት ቢሆን፣ ለነርሶቹ ወዲያው ተናገሪ። ካልነገርሽን ሊያድንሽ የመጣው መድኃኒት ራሱ ይጎዳሻል። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልሁ። ገብቶኝም ነበር።

የሴቶቹ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የተኙት ከጎርጎራ ወገን የመጡ መነኵሲት ነበሩ። እማሆይ ነው የምንላቸው። እግራቸው ላይ ቁስል ነበረባቸው፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነበር። በመጀመሪያው ቀን ነርሶቹን አስተዋወቁኝ።

«ስሚ አንች ልጅ። እዚህ ማርም አለ፣ ኮሶም አለ። ማሯ ሲስተር ምንትዋብ ናት። ኮሶዋ ሲስተር ደስታ ናት። ስሟን ያወጣላት ሰው ፊቷን አላየም። ያ ረዥሙ ጌትነት ደግሞ ምኑም አይታወቅ፤ ቅመም ነው በይው።»

እውነትም ሦስቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች አይመስሉም ነበር። ሲስተር ምንትዋብ በዕድሜ ከኔ ብዙም አትበልጥም። ሰው ከመንካቷ በፊት መዳፎቿን እርስ በርስ ታሻሻለች፣ እጇ እንዳይቀዘቅዝብን ብላ። መርፌው የሚወጋው ዳሌ ላይ ነው። ክፍሉ መጋረጃ ስላልነበረው ከኔ አልጋ ራስጌ እስከ ግርጌ አንሶላ ወጥራ አሰረችልኝ። ከሰውነቴ የምትገልጠው መርፌው የሚያርፍባትን ያህል ብቻ ነው። በማስታገሻ እንኳ የማልተኛውን እኔን በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ ታስተኛኝ ነበር። ጧት ጧት ትመጣና «እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ?» ትለኛለች።

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ጎበዝ!» ትልና ፈገግ ብላ ወደ እማሆይ ታልፋለች።

ሲስተር ደስታ በዕድሜ ትልቅ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ደርሰዋል ይባል ነበር። ሲመጡ ጫማቸው ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል፤ ጠያቂዎች ያን ሲሰሙ ምግባቸውን መሰብሰብ ይጀምራሉ። «ይህ ሆስፒታል ነው፣ ቅዳሜ ገበያ አይደለም!» ይላሉ። ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቁም። እናቴ ያመጣችውን ሳህን ከፍተው ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ «ዘይቱ በዛ» ብለው ይመልሳሉ። ወደ ግድግዳው አዙረው ያስተኙኝና ከኋላዬ ሆነው አንድ ነገር ያልጎመጉማሉ፤ «ተንፍሽ» ነው የሚሉት። ሌላውን ሰው በጩኸት የሚያዝዙት ሴትዮ ለኔ ሲሆን ድምፃቸውን ማውጣት እንኳ የሚከብዳቸው ይመስለኝና ይከፋኝ ነበር። የንቀት ነው የመሰለኝ።

ብራዘር ጌትነትን በጣም እወደው ነበር፤ ግን ወንድ ነው። ተራው ሲሆን መጸዳጃ ቤት ገብቼ እቆያለሁ። ምንም አላልሁትም፤ እንዴት ብዬ እላለሁ? አንድ ቀን ከበሩ ውጭ ድምፁን ሰማሁት።

«ሰዓዳ! መርፌው ብቻውን ቆሞ እየጠበቀሽ ነው። እኔ እዚህ የለሁም። ሲስተር ምንትዋብ የወንዶቹን ክፍል ለኔ ሰጥታ መጥታለች፤ ከእንግዲህም እንዲህ ነው የምናደርገው። ውጪ፣ መጸዳጃ ቤቱን ሌላ ሰው ይፈልገዋል።»

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን መርፌ ይዞ ወደ እኔ አልመጣም። ቀልድ ይዞ ግን ይመጣል። እማሆይን «ዛሬስ ለማን ጸለዩ?» ይላቸዋል።

«ለምላስህ። እንድታጥር።»

«እባክዎ በጣም አይጸልዩ እማሆይ፤ ለሥራዬ የምትጠቅመኝ እሷ ናት።»

እማሆይ እየሳቁ እግራቸውን ሲረሱት እሱ ቁስላቸውን ከፍቶ፣ አጥቦ፣ አሽጎ ይጨርሳል። እኔንም በዚያ ዓይነት ነው ምግብ ያስጀመረኝ። «አንድ ጉርሻ ለጣፊያው፣ አንድ ለኔ፣ አንድ ለእማሆይ» እያለ ሳልነቃበት ሳህኑን አስጨረሰኝ።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ሆዴ ይጎድል ጀመር። እናቴ በየቀኑ እጇን ታደርግበትና «ወላሂ ወርዷል» ትላለች። ቀሚሴ ሰፋኝ ስል ያየሁባትን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

ከሳምንት በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። እናቴ ወጣ ስትል አስመልሳለሁ፤ አጥቤ እተኛለሁ። ከዚያ ጆሮዬ ይጮህ ጀመር፤ አባቴ በኪራይ የሚሠራባት ጀልባ ሞተሯን አስነሥታ ስትርቅ እንደምትሰማው ያለ ድምፅ፣ ግን የማይርቅ። አንድ ንጋት ስነቃ እናቴ ወለሉ ላይ ሱብሒ እየሰገደች አገኘኋት። ሁልጊዜ ከዚያ መስኮት አዛን ይሰማ ነበር። ያን ቀን አልሰማሁም።

ሰግዳ ስትጨርስ «መብራት ጠፍቷል እንዴ እማዬ?» አልኋት። መብራት ሲጠፋ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አይሠራም።

ወደ አምፖሉ ቀና ብላ አየች። «ይኸው በርቶ የለም እንዴ?»

ብርድ ልብሴን ወደ ላይ ሳብሁና ፈራሁ። የምፈራው ጆሮዬን ብቻ አልነበረም። ብናገር መድኃኒቱን ያቆሙብኛል። ካቆሙት ደግሞ ያ ሆድ ተመልሶ ይመጣል፤ የእናቴ ዓይን ተመልሶ ይመጣል። ደንቆሮ ሆኜ ሆዴ ባዶ ቢሆን ይሻለኛል ብዬ አሰብሁ። እንዲህ ያለ ነገር በጭንቅላቱ የሚዞርበት ሰው ቢኖር ብቻዬን አይደለሁም ይበል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ለሲስተር ምንትዋብ አለመናገሬ ነው። ያን ቀንም መጣች፤ መዳፏን አሻሸች፤ «እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ?» አለችኝ። እንደዚያ አድርጋ ስትጠይቀኝ፣ እንዴት ብዬ «አስመልሼ አደርሁ» እላታለሁ? በኛ አገር እንዴት አደርሽ ያለሽን ሰው ደህና ብለሽ ነው የምትመልሽለት። አባት የሞተበት ሰው እንኳ መጀመሪያ እግዜር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ ብሎ ነው ወደ ነገሩ የሚገባው። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው አልፌ ወደ ነገሩ ገብቼ አላውቅም።

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ጎበዝ!»

በማግስቱ ተራው የሲስተር ደስታ ነበር። እንደ ልማዳቸው ሳይናገሩ ወደ ግድግዳው አዞሩኝ። ጠበቅሁ። መርፌው አይመጣም። እየጠበቅሁ ቆየሁ። ዞር ብዬ ባይ ሲስተር ደስታ መርፌውን ወደ ሳህኑ መልሰው እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። እማሆይም አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ያዩኛል።

«ሦስት ጊዜ ተንፍሽ አልሁሽ» አሉ ሲስተር ደስታ፣ አሁን ጮክ ብለው። «በስምሽም ጠራሁሽ።»

«አል... አልሰማሁም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ደህና ነኝ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ምን?»

«ደህና ነኝ ሲስተር። መውጋት ይችላሉ።»

«ደህና ነሽ? እንግዲያው ተነሽ!» አሉኝ። «ተነሽና ውረጅ! ደህና ሰው እዚህ አልጋ ላይ አይተኛም። ውጭ ኮሪደር ላይ የተኙ የታመሙ ሰዎች አሉ፤ ልቀቂላቸው። ጫማሽ የታለ?»

እማሆይ «ኧረ በመድኃኔ ዓለም!» አሉ። እኔ የእውነት መሰለኝና እግሬን ከአልጋው አወረድሁ። ጫማዬን ስፈልግ እንባዬ መጣ፤ ከእንባዬ ጋር ደግሞ አፌ ተከፈተ። ማስመለሱን ነገርኋቸው፤ የጀልባውን ድምፅ ነገርኋቸው፤ አዛኑን ነገርኋቸው። ካቆማችሁት ሆዴ ተመልሶ ይመጣል አልሁ። ወንዛዬ ላይ ያሉኝን፣ ጣሳው መውደቁን፣ እናቴ ጋቢ ስታለብሰኝ የነበረውን፣ ማንም ያልጠየቀኝን ሁሉ ተናገርሁ። በሕይወቴ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

ሲስተር ደስታ አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። ነርስ አልጋ ላይ አይቀመጥም፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሚከለክሉት። አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ሌላስ?» አሉ።

«ሌላ የለም።»

«እርግጠኛ?»

«ጉልበቴንም ያመኛል።»

«እህ» አሉ። «እሱንም ያዝሁ።» ተነሥተው ወደ ሐኪሙ ሄዱ። የዚያን ጊዜ ጫማቸው በፍጥነት ሲሄድ ሰማሁት፤ ቢያንስ እሱን ሰማሁት።

ጆሮን የሚጎዳውን መርፌ በዚያው ቀን አቆሙ። ሌላኛውንም ትተው ቀስ ብሎ በደም ሥር በሚንጠባጠብ ሌላ መድኃኒት ለወጡልኝ። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ የጆሮዬ ነገር አይመለስም ነበር አለኝ ሐኪሙ። ሆዴም ተመልሶ አልመጣም፤ የፈራሁት ሁሉ ከንቱ ነበር። ለካ መለወጫ መድኃኒት አለ፤ ለመለወጥ ግን ማወቅ አለባቸው። ሲስተር ደስታ ያን ሁሉ ጊዜ ከኋላዬ ሆነው በቀስታ ያልጎመጎሙት ንቀት አልነበረም። ያንን መርፌ የሚወጋውን ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚፈትኑት፤ ፊታቸውን ሳያይ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ይስማ አይስማ ለማወቅ።

ሲስተር ምንትዋብ ስትሰማ ከአንሶላዬ ጀርባ ቆማ አለቀሰች። «በየቀኑ ጠይቄሻለሁ እኮ» አለችኝ። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፤ ጠይቃኛለች፤ እኔ ነኝ ጥያቄዋን በሰላምታ የመለስሁት። ይህን ልነግራት ፈልጌ ቃሉ ጠፋኝ። የነገሯት ሲስተር ደስታ ናቸው።

«አታልቅሽ» አሏት። «አንቺ ያን አንሶላ ባትወጥሪላት ይች ልጅ በሁለተኛው ቀን ጠፍታ ነበር። ሁላችንም እንደኔ ብንሆን በሽተኛው በመስኮት ነበር የሚወጣ። ብቻ ከሰላምታሽ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሪ፤ የት ያምሻል በያት። ያምሻል ወይ አትበይ። የት።»

በማግስቱ ሲስተር ምንትዋብ መዳፏን አሻሽታ መጣች። «እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ? ይህ ሰላምታ ነው።»

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።»

«አሁን ደግሞ ጥያቄ። የት ያምሻል?»

«ጉልበቴን። ደግሞ መርፌው የተወጋበት ቦታ ጠጥሯል። ደግሞ ማታ ትንሽ አቅለሸለሸኝ።»

ብራዘር ጌትነት ከእማሆይ እግር ላይ ቀና ብሎ «ጉድ ፈላ! አሁን ደግሞ ማን ዝም ያሰኛታል?» አለ።

ከሆስፒታል ስወጣ እማሆይ ባርከውኛል። መስቀል ለመሳለም የማልመጣ ልጅ መሆኔን ስለሚያውቁ መስቀላቸውን አላወጡም፤ በእጃቸው ራሴን ዳሰሱኝ። «ኮሶዋን አመስግነሽ ነው የምትወጪ?» አሉኝ ቀስ ብለው። ፈልጌያቸው ነበር፤ ግን ያን ቀን ተራቸው አልነበረም።

አሁን ዓሣ መሸጫው ጋ ተመልሻለሁ። ጋቢ አልለብስም። እናቴ አሁንም ከገዢ ጋር ትነጋገራለች፤ ዋጋ ሲበዛባቸው ግን እኔም አንዳንድ ቃል ጣል አደርጋለሁ። አክስቴ ለአጨዳ ስትጠራኝ እሄዳለሁ፤ አጎበር ይዤ። ደጅ ለሚያድሩት ለሌሎቹም እናገራለሁ። የግራ ጆሮዬ ዛሬም በጸጥታ ጊዜ ትንሽ ይጮህብኛል። አዛኑን ግን እሰማዋለሁ።

ከወራት በኋላ ለምርመራ እንድመለስ ቀጥረውኝ ሄድሁ። ጣፊያዬ ወደ ቦታው ገብቷል፤ በደሜም ምንም የለም አሉኝ። ደስ ብሎኝ በኮሪደሩ ስወጣ ያን ጫማ ሰማሁት። ሲስተር ደስታ ናቸው። ሲያዩኝ ቆሙ። ያን ሁሉ ጊዜ ስተኛ አንድ ቀን ከአፋቸው ያልሰማሁትን ነገር አሉኝ፤

«እንዴት ነሽ፣ ሰዓዳ?»

እኔም ወዲያው ጀመርሁ። «ጉልበቴ ደጅ ሳድር ትንሽ ይይዘኛል ሲስተር። የግራ ጆሮዬ በጸጥታ ይጮኻል፤ የቀኙ ደህና ነው። እንቅልፌ ጥሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ አንድ ጥርሴም...»

ሲስተር ደስታ ሳቁ። እኔ ብቻ ሳልሆን በኮሪደሩ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ክንዴን ያዝ አድርገው «ሰላምታ ነው እኮ፣ አንቺ ልጅ!» አሉኝ።

አፈርሁ። ግን አንገቴን አልደፋሁም።

«ደህና ነኝ» አልኋቸው፤ «አልሐምዱሊላህ።»

ያን ቀን እውነቴን ነበር።